የተበላ ጥርስ፦ የክላሲክ መኪና ዘይት ሲቀየር ብሎን ቢበላሽ ምን ይደረጋል?

የሞተር ዘይት መቀየር ከመኪና ጥገና ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው ይባላል። አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፣ ፊልትሮው ይለወጣል፣ አዲሱ ዘይት ይሞላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ዕድሜው አርባና ሃምሳ ዓመት በተሻገረ መኪና ላይ ግን ይህን የአንድ ሰዓት ሥራ የሦስት ቀን ሥራ የምታደርግ አንዲት ቅጽበት አለች። ቁልፉን የያዘው እጅ እስከዚያ ድረስ ይሰማው የነበረው ግትርነት ሳይታሰብ ይጠፋና፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቀዳዳ የዘጋው ብሎን ጭቃ ውስጥ እንደ ተተከለ እንጨት ወዲያም ወዲህም ያለ ተቃውሞ መዞር ይጀምራል። መካኒኮች ይህን «ጥርሱ ተበላ» ይሉታል።

በዚያች ቅጽበት ከመኪናው ሥር የተኛው ሰው ወይ ራሱን ይወቅሳል፣ ወይ ቁልፉን ይራገማል። ወቀሳው ግን ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሳተ ነው። ጥርስ በአብዛኛው የሚበላው ብሎኑ ሲፈታ ሳይሆን ሲጠብቅ ነው፤ መፍታት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የደረሰውን ጉዳት ማጋለጥ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጥገናውንም በትክክል ይመርጣል፣ ቀጣዩንም ብሎን ከጉዳት ያድናል።

ጥርስ ምንድን ነው? ብሎንስ እንዴት ይይዛል?

ጥርስ ወይም ፊሌት የሚባለው በብሎን አካል ላይ የተጠመጠመው ጠመዝማዛ መስመር ነው። ተራራን ዙሪያውን እየጠመጠመ የሚወጣ መንገድ ዳገቱን እንደሚያረዝመውና መኪናው በትንሽ ጉልበት ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የብሎን ጥርስም የእጅን ትንሽ ኃይል በብዙ ዙር አከፋፍሎ ወደ ትልቅ የመሳብ ኃይል ይለውጣል። ለዚህም በቀዳዳው ወይም በዳዶው ውስጥ ያለው ጥርስ በስፋትም፣ በጥልቀትም፣ በአንድ ዙር በሚጓዘው ርቀትም ከብሎኑ ጋር አንድ መሆን ይኖርበታል። «ኤም 14 በ1.5» የሚል ብሎን ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ ጊዜ ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ይገባል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ብሎን የሚይዘው በመወጠር መሆኑን ነው። የብሎኑ ራስ ወለሉን ነክቶ ከቆመ በኋላ ቁልፉ መዞሩን ከቀጠለ፣ የብሎኑ አካል በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለማጠር የሚያደርገው ግፊያ ደግሞ ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛል። ስለዚህ የጠበቀ ብሎን እንደ ተወጠረ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ነው፤ ከልክ በታች ከተወጠረ ይላላል፣ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ክሩን የያዘው እንጨት ይሰነጠቃል። በዘይት ማፍሰሻ ብሎን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው «እንጨቱ» ነው።

ሁለት ተጨማሪ እውነታዎች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። የመጀመሪያው፣ ቁልፉን ለማዞር ከምናወጣው ኃይል በግምት ግማሹ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ፍትጊያ፣ 40 በመቶው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ፍትጊያ ይባክናል፤ ብሎኑን በእርግጥ የሚወጥረው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፍትጊያው ትንሽ ቢቀንስ፣ ለምሳሌ ደረቅ ይገባ የነበረ ብሎን ዘይት ተቀብቶ ቢገባ፣ በቁልፉ ላይ የተለወጠ ነገር ሳይኖር ውጥረቱ በብዙ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ጥርሶቹ ሸክሙን እኩል አይካፈሉም። ለብሎኑ ራስ የቀረበው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን የጠቅላላውን ሸክም ሲሶ ያህል ይሸከማል። እሱ ሲሸነፍ ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ሁለተኛውም ተራውን ይሰጣል። ጥርስ ሲበላ እንደ ጉበን በአንድ ጊዜ የማይሰበረው፣ ይልቁንም እንደ ዚፕ አንድ በአንድ የሚፈታው ለዚህ ነው።

ታዲያ የዘይት ማፍሰሻው ከሌሎች ብሎኖች ይልቅ ለምን ይጠቃል?

በሞተሩ ግርጌ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገበታ ኮፓ ይባላል። በአንዳንድ መኪኖች ኮፓው የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅልጥ ሲሆን ብሎኑ ግን ብረት ነው። ጠንካራ ብረት ከለስላሳ አሉሚኒየም ጋር ሲታገል የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በሌሎቹ ደግሞ ኮፓው ከስስ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ጥርሱን የተሸከመች አንዲት ወፍራም ዳዶ ከውስጥ በኩል ተበይዳለች። እዚያ ጥርሱ ጠንካራ ቢሆንም ብየዳው ሊለቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ብሎኑና ዳዶው ተያይዘው ይዞራሉ።

ከዚህ በተጨማሪ፣ በሞተሩ ላይ ካሉት ብሎኖች ሁሉ እንደዚህ ብሎን ደጋግሞ የሚፈታና የሚታሰር የለም። የሞተሩን ቴስታ (የላይኛውን ክዳን) የያዙት ብሎኖች በመኪናው ዕድሜ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢፈቱ ነው፤ የማፍሰሻው ብሎን ግን ሃምሳ ዓመት በኖረ መኪና ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ ያውም በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ፍርሃት ይጋራሉ፦ «በደንብ ካልጠበቀ ዘይቱ ይንጠባጠባል።» ጉዳቱን ሁሉ የሚወልደው ይህ ፍርሃት ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱን የሚያግደው የብሎኑ ጥብቀት ሳይሆን በብሎኑ ራስ ሥር ያለችው ሮንዴላ (ስስ ቀለበት) ናት። ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የምትሠራው ይህች ሮንዴላ ብሎኑ ሲጠብቅ ጥቂት ተጨፍልቃ የወለሉን ሸካራነት ትሞላለች። አንዴ ከተጨፈለቀች በኋላ ደድራለች፤ በድጋሚ ስትገባ እንደ መጀመሪያው አትሞላም፣ ዘይትም ጥቂት ታንጠባጥባለች። ሰውየው ያንን ጠብታ ባየ ጊዜ ሮንዴላዋን እንደ መለወጥ ቁልፉን ሩብ ዙር ይጨምራል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ሩብ ዙር። መዳብ ከሆነች በእሳት እስክትቀላ አግሎ በማቀዝቀዝ ልስላሴዋን መመለስ ይቻላል፤ ይሁንና አዲስ ሮንዴላ ከመግዛት የሚሻል ቁጠባ አይደለም።

ኃይሉ ምን ያህል በቀላሉ ከልክ እንደሚያልፍ በስሌት ማየት ይቻላል። በአሉሚኒየም ኮፓ ላይ ያለ ኤም 14 ብሎን በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ባለው መጠን እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ትክክለኛው ቁጥር የየመኪናው መመሪያ የሚሰጠው ነው። ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ ጫፉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በቁልፉ ርዝመት በማባዛት ይገኛል። በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ 35 ኒውተን ሜትር ለማድረስ ጫፉ ላይ 14 ኪሎ ያህል ክብደት ማሳረፍ ይበቃል (አንድ ኪሎ 10 ኒውተን ገደማ ነውና)። አንድ ሰው ቁልፉን በቱቦ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ በ40 ኪሎ ቢጫነው ግን 240 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከታዘዘው ሰባት እጥፍ ነው፤ ሰውየውም ብዙ የደከመ አይመስለውም።

ቁልፉስ ለምን አልገጥም ይላል?

እስካሁን የተነገረው ስለ ጥርስ ነው። ሌላው ጉዳት የሚደርሰው በብሎኑ ራስ ላይ ነው፤ ስድስቱ ማዕዘኖች ተበልተው ራሱ ክብ ይሆንና ቁልፉ ይሾራል። በክላሲክ መኪና ላይ ለዚህ ዋነኛው ምክንያት የመለኪያ ሥርዓት መደበላለቅ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 የጥርስ አሠራር አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። በ1948 አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ የተስማሙበት የኢንች ሥርዓትም ሆነ ዛሬ በብዛት የምንሠራበት የሜትሪክ ሥርዓት ግን 60 ዲግሪ ነው። በዊትወርዝ ሥርዓት ቁልፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የብሎኑን ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አያመለክትም፤ ስለዚህ «1/4» የሚል የዊትወርዝ ቁልፍ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ብሎን 13 ቁልፍ አይገባም፣ 14 ቁልፍ ደግሞ ይገባና ይወላገዳል። ማዕዘኑን የሚበላው ያ መወላገድ ነው። የኢንችና የሜትሪክ ቁልፎች ሁሉ ግን ጠላቶች አይደሉም፤ 19 ሚሊ ሜትር ቁልፍና የ3/4 ኢንች ቁልፍ የሚለያዩት በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱ በሌላው ምትክ ያገለግላል። የ1/2 ኢንች ብሎን ላይ 13 ቁልፍ ማስገባት ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ለጠበቀና ለዛገ ብሎን ይህ ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የኤም ጂ ቲ ሲ ሞተር ነው። ከ1945 እስከ 1949 የተመረተችው ይህች የእንግሊዝ የስፖርት መኪና፣ የሞተሯ ብሎኖች ጥርስ በሜትሪክ፣ ራሳቸው ግን በዊትወርዝ ልክ ነው። ምክንያቱም ሞተሯን የሠራው ሞሪስ ኩባንያ በ1923 በኮቨንትሪ የገዛው የሞተር ፋብሪካ ቀድሞ የፈረንሳዩ የሆችኪስ ስለነበረና ማሽኖቹም በሜትሪክ የሚሠሩ ስለነበሩ ነው። የእንግሊዝ መካኒክ በእጁ በያዘው ቁልፍ እንዲፈታው የብሎኑ ራስ ብቻ ለአገሬው ተስማምቶ ተሠራ። የብሎኑን ራስ ልክ አይቶ «ይህ የዊትወርዝ ብሎን ነው» ብሎ ሌላ የዊትወርዝ ብሎን ወደ ቀዳዳው የሚያስገባ ሰው፣ ሁለት ዙር በእጅ ካስገባ በኋላ ጠንከር ሲልበት በቁልፍ ይጨምርና ጥርሱን ያርሰዋል።

ራሱ የተበላ ብሎን እንዴት ይወጣል?

ቀዳሚው ነገር ተጨማሪ ጉዳት አለማድረስ ነው። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ቡሶላ (የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚውጥ ቁልፍ) ማዕዘኑን ስለሚጨብጥ ለተጎዳ ራስ አይሆንም፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ግን ጠፍጣፋ ጎኖቹን ስለሚገፋ ገና ማዕዘኑ ያልጠፋ ብሎንን ሊያወጣ ይችላል። ካልሆነ፣ በጥቂቱ የሚያንሰውን ቡሶላ በመዶሻ መትቶ ማስገባት፣ ወይም ራሱን በሊማ ወደሚቀጥለው ትንሽ ልክ መሞረድ ይቻላል። የማፍሰሻው ብሎን ራስ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ስለሆነ ተቆላፊ ፒንሳም ይይዘዋል። ከዚያ በፊት ግን በራሱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጥ አድርጎ በመዶሻ መምታት ይጠቅማል፤ ምቱ የተጣበቀችውን ሮንዴላ ያላቅቃል፤ ያ ደግሞ ከላይ እንደተባለው የፍትጊያው ግማሽ ነው።

ዝገት ማላቀቂያ ዘይት መርጨትና ሌሊቱን ማሳደር በብረት ላይ ይሠራል። ሙቀትም እንዲሁ፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ዙሪያውን ማሞቅ ቀዳዳውን ያላላዋል። ነገር ግን ዘይት በተሞላ ኮፓ ሥር የእሳት ነበልባል መያዝ አስተዋይነት አይደለም፤ በሞቀ አየር የሚሠራ መሣሪያ ይበቃል። የሞተሩ ቀፎ ማግኒዚየም ከሆነ ደግሞ ነበልባል ፈጽሞ አይቀርብም፤ የማግኒዚየም ፍቅፋቂ በእሳት ይያያዛል፣ ውኃም እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ብሎኑ በባዶው ቢዞርና አልወጣ ቢልስ?

ይህ ሲሆን ጥርሱ ተልጦ በብሎኑ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ብሎኑ ይዞራል፣ ወደ ውጭ የሚገፋው ግን የለም። መፍትሔው ከውጭ የሚስብ ኃይል መስጠት ነው፤ ስስ ካቻቢቴ ከራሱ ሥር አስገብቶ ወደ ታች በቀስታ እየገፉ፣ በሌላው እጅ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ማዞር። ካቻቢቴው በኮፓው ወለል ላይ ስለሚደገፍ ሮንዴላ የምታርፍበትን ቦታ እንዳይፍቀው ስስ ቆርቆሮ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ወለሉ ከተጫረ ጥርሱ ቢጠገን እንኳ ዘይቱ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ጥሩ ነው። ዘይቱ ገና ካልፈሰሰ መኪናው አሁንም መንቀሳቀስ ይችላል። ከፈሰሰ በኋላ ግን ቀዳዳው እስኪጠገን ድረስ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ብሎኑ ገና ሲነካ አጠራጣሪ ከሆነ፣ አሮጌውን ዘይት በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በፓምፕ መምጠጥ የሚያሳፍር አማራጭ አይደለም፤ የጥገና ዕቃው እስኪገኝ ጊዜ ይገዛል። በማርሽ ሳጥን ላይ ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ የመሙያው ብሎን መፈታቱ ሳይረጋገጥ የማፍሰሻው አይነካም። አፍስሶ መሙላት ያልቻለ ሰው ከቆመ መኪና ጋር ይቀራል።

የተበላው የብሎኑ ጥርስ ነው ወይስ የቀዳዳው?

ብሎኑ ሲወጣ በጨርቅ ጠርጎ ከብርሃን ፊት መያዝ ነው። በጥርሶቹ መካከል የብር ቀለም ያለው ቀጭን ጥቅልል ክር ከታየ፣ እሱ የኮፓው ጥርስ ነው፤ ቀዳዳው ተበልቷል። ጥርሶቹ ንጹሕ ሆነው ጫፋቸው የደነዘዘ ወይም ያዘነበለ ከሆነ ጥፋቱ በብሎኑ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ብሎን ማስገባት ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው በከፊል ከተበላ ደግሞ በጥልቀት ያልተነካ ጥርስ ሊኖር ይችላል፤ ብሎኑ አጭር ከሆነና ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ያንን ጤነኛ ጥርስ ያገኘዋል። ከውስጥ ምንም ነገር እንደማይነካ መለካት ግን ግዴታ ነው።

ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ከተበላ አራት መንገዶች አሉ፤ እኩል ዋጋ ያላቸው ግን አይደሉም።

የመጀመሪያው በብዙ ቦታ የሚሸጠው፣ ከፍ ያለ ልክ ያለው፣ ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ብሎን ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በእጅ ቀጥ አድርጎ ማስገባት ስለሚያስቸግር አዘንብሎ ይገባል፣ ራሱም በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል። በአሉሚኒየም ላይ ደግሞ እንደ ሽብልቅ እየገፋ ቀዳዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በየጊዜው ሲፈታም አዲሱን ደካማ ጥርስ እንደገና ይፍቃል። በእኔ አስተያየት ይህ ቤት ለመድረስ እንጂ ለመኖር አይሆንም። በውስጡ የሚሰፋው የላስቲክ መድፈኛም እንዲሁ የመንገድ ላይ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳውን አስፍቶ ወደሚቀጥለው መደበኛ ልክ መቁረጥ ነው፤ በዙሪያው በቂ ሥጋ ካለ ይህ ንጹሕ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ማስገቢያ ጥርስ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ በልዩ ጥርስ ማውጫ ወይም ማስኪዮ አዲስ ጥርስ ይቆረጥለታል፣ ከዚያም ውጭው ከአዲሱ፣ ውስጡ ከቀድሞው ብሎን ልክ ጋር የሚገጥም የብረት አካል ይገባል። ማስገቢያው ሁለት ዓይነት ነው። ሄሊኮይል በሚለው ስም የታወቀው እንደ ሞላ የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ሽቦ ነው፤ ታይም ሰርት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው ወጥ ቀለበት ነው። ሁለቱም በአሉሚኒየም ላይ ከመጀመሪያው ጥርስ የበለጠ ይይዛሉ፤ ምክንያቱም ለስላሳውን አሉሚኒየም የሚይዙት በሰፊ ዙሪያ ሲሆን፣ ከእንግዲህ በየጊዜው የሚፋተገው ብረት ከብረት ጋር ነው። ለማፍሰሻ ቀዳዳ ግን ወጥ የሆነው ቀለበት ይሻላል። ሽቦው በመጠምጠሚያዎቹ መካከል ዘይት ሊያሾልክ ይችላል፤ ብሎኑ በተፈታ ቁጥርም አብሮ ተፈትቶ የመውጣት ዝንባሌ አለው። ሽቦውን የተጠቀመ ሰው ለማስገቢያ የምታገለግለውን የታችኛዋን ጅራት ሰብሮ ማውጣት አለበት፤ ኮፓው ውስጥ ከወደቀች ፍለጋው አድካሚ ነው።

አራተኛው ኮፓውን አውርዶ ማስበየድ ወይም መለወጥ ነው። የተበየደው ዳዶ ከለቀቀ፣ ወይም ቀዳዳው ከተሰነጠቀ፣ ከዚህ ውጭ መንገድ የለም።

ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች

የቮልስዋገን ቢትል ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት፤ ምክንያቱም በዚህች መኪና ላይ ዘይት መቀየር ማለት አንድ ብሎን ብቻ ሳይሆን ስድስት ዳዶም መፍታት ነው። ሞተሯ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ በግርጌው የሽቦ ወንፊት አለ። ወንፊቱን የሚሸፍነው ክብ ሳህን ከሞተሩ ቀፎ በተተከሉ ስድስት ራስ አልባ ባለ ጥርስ ዘንጎች ላይ ይቀመጥና በባለ ቆብ ዳዶዎች ይታሰራል። ዘንጎቹ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው፣ የተተከሉበት ቀፎም ማግኒዚየም ነው፤ የታዘዘው ጥብቀት 7 ኒውተን ሜትር ነው። በ14 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ይህ ጫፉ ላይ 5 ኪሎ ማሳረፍ ማለት ነው፤ የሁለት ጣት ሥራ።

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ሳህን ስፈታ አምስቱ ዳዶዎች እሺ ብለው ወጡ፤ ስድስተኛው ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያም ዳዶው ብቻ ሳይሆን ዘንጉ ከነሥሩ መዳፌ ላይ ወደቀ። በሥሩ ጥርሶች መካከል የማግኒዚየሙ ክር እንደ ተላጠ ብር ወረቀት ተጠምጥሞ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ዘይት ሲንጠባጠብበት የወረቀት ጓርኒሲዮኑን (በሳህኑና በቀፎው መካከል ያለውን ማሸጊያ) እንደ መለወጥ ያጠበቀበት ዳዶ መሆኑ ነው፤ ሳህኑን ገልብጬ ሳየው በስድስቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ነበር። ይህ ስርጉድ ራሱ የመንጠባጠብ ምክንያት ነው፤ ሳህኑ ጠፍጣፋ ካልሆነ ጓርኒሲዮኑን እኩል አይጫነውም። እኔም እንደ እሱ ባጠብቀው ኖሮ ጉዳቱ ወደ ቀሪዎቹ አምስት ይሄድ ነበር። የተደረገው ጥገና ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ግን እንደ ድሮው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ መትከል፣ ሳህኑንም በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ማቃናት ነበር።

ዘንጉ ሳይወጣ የተሰበረ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያነሡት የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለውን ተጠማዛዥ መሣሪያ ነው። መሣሪያው እጅግ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ በተራ መሰርሰሪያ አይበሳም፤ አንድ ችግር ሁለት ይሆናል። ጫፉ ጥቂት ብቅ ያለ ከሆነ ዳዶ አስቀምጦ መበየድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ የብየዳው ሙቀትም ዝገቱን ያላቅቃል። ይህ ግን በማግኒዚየም ቀፎ ላይ አይሞከርም። እዚያ መሃሉን በትክክል ምልክት አድርጎ፣ በግራ በሚቆርጥ መሰርሰሪያ በቀስታ መብሳት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ መሰርሰሪያው ራሱ ነክሶ ያወጣዋል።

ፍቅፋቂው ሞተር ውስጥ አይገባም?

ይገባል፤ ካልተጠነቀቁ። ኮፓው ሳይወርድ ቀዳዳው ሲቆረጥ፣ የማስኪዮው ቦዮች በግሪስ ይሞላሉ፤ ግሪሱ ፍቅፋቂውን ይዞ ያስቀረዋል። በየግማሽ ዙሩ ወደ ኋላ መመለስ፣ በየሁለት ሦስት ዙሩም አውጥቶ ጠርጎ አዲስ ግሪስ መቀባት ያስፈልጋል። ማግኔት የአሉሚኒየምን ፍቅፋቂ ስለማይስብ በእሱ መተማመን አይቻልም። ሲጠናቀቅ አንድ ሊትር ያህል ርካሽ ዘይት ከላይ ጨምሮ ማፍሰሻው ክፍት ሆኖ እንዲታጠብ ማድረግ የቀረውን ይዞ ይወጣል። የዘይት ፓምፑ በወንፊት ስለሚስብ ትልልቁ ፍቅፋቂ ወንፊቱን አያልፍም፤ ደቃቁ ግን ያልፋል፣ ማረፊያውም ለስላሳዎቹ የሞተር ብሮንዚኖች (ዘንጉ የሚዞርባቸው ቅርፊቶች) ናቸው።

በማሸጊያ ቴፕ ወይም በሲሊኮን መዝጋትስ?

ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ግፊት የለበትም፤ በራሱ ክብደት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቴፕ መንጠባጠቡን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆም ይችላል። ችግሩ ግን የተበላ ጥርስ ብሎኑን አለመያዙ ነው፤ ቴፕ ደግሞ ዘይት ያግድ ይሆናል እንጂ ብሎን አይይዝም። ብሎኑ በጉዞ ላይ ቢወድቅ ዘይቱ በደቂቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ የዘይት ግፊት መብራቱ ሲበራ ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ ብሮንዚኖቹ ይቃጠላሉ። ከልክ በላይ የተቀባ ሲሊኮንም ከውስጥ ተቆርጦ ወንፊቱን ይደፍናል።

እንደገና ሲታሰርስ?

ጥርስ የሚበላው በማጥበቅ ነው ካልን፣ የጥገናው ዋና ክፍልም ይኸው ነው። ብሎኑና ወለሉ ይጠረጋሉ፣ አሮጌዋ ሮንዴላ ተጣብቃ አለመቅረቷ በጥፍር ይፈተሻል፤ በአንድ ላይ የተደራረቡ ሁለት ሮንዴላዎች ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ብሎኑ ቀዳዳው ላይ ተደርጎ በጣት ወደ መፍቻው አቅጣጫ ይዞራል። የብሎኑ የመጀመሪያ ጥርስ ከቀዳዳው የመጀመሪያ ጥርስ ጫፍ ላይ ሲወድቅ ትንሽ «ቀጭ» የምትል ስሜት ለጣት ትደርሳለች፤ ከዚያች ነጥብ ወደ ማጥበቂያው ሲዞር ሳያዘነብል ይገባል። እስከ መጨረሻው በጣት መግባት አለበት። በጣት አልገባ ያለ ብሎን ጥርሱን ስቷልና ይወጣል እንጂ በቁልፍ አይገፋም።

የመጨረሻው ጥብቀት በቶርክ ሬንች ቢሆን ይመረጣል፤ የተወሰነለት መጠን ላይ ሲደርስ የሚያንቋቋ ቁልፍ ነው። መሣሪያው ከሌለ አጭር ቁልፍ መርጦ፣ ብሎኑ ሮንዴላዋን ከነካ በኋላ እየተጨፈለቀች ስትሄድ የምትሰጠውን ለስላሳ ተቃውሞ መከታተልና ተቃውሞው ሲጠነክር ማቆም ይቻላል። ዘይቱ ተሞልቶ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከሠራና ከጠፋ በኋላ፣ በብሎኑ ዙሪያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማሳለፍ ነው። ጨርቁ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ቢታይ ቁልፉ አይነሣም፤ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ተቀብሎ ሮንዴላዋ ትለወጣለች።